ፒሪዲን የነካው ሱሪ

ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ በምሄድበት ቀን ጠዋት፣ ሰመራ በምሠራበት ቤተ ሙከራ የፒሪዲን ጠርሙስ እጄ ላይ ተሰበረ። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ ሸሚዝም ቀየርኩ። ሱሪዬን ግን አልቀየርኩም፤ ለክብር ቀን የሚሆን ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ደጋግሜ አሸተትኩት፣ ምንም የለውም።

ፒሪዲን ሲያዩት ውሃ ነው። አምስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ቀለበት ሠርተው ይያያዙበታል። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ይጣራል፤ የትምባሆው ኒኮቲን ውስጥም ያው ቀለበት አለ። ሽታው የከረመ ዓሣ ነው። ክፋቱ ደግሞ አፍንጫ ያደነዝዛል፤ አብሮት የዋለ ሰው አይሸተውም። ይህን ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ! ለእኔ ማን ይንገረኝ?

ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ። የምወዳት ልጅ አባት፣ አዋሽ ላይ ሆቴል ያላቸው የወሎ ሰው፣ «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ራስህን ልይህ» ብለውኛል። ካልወደዱኝ አለቀልኝ።

ሚሌን ሳናልፍ አንዱ፣ «የጂቡቲ ዓሣ የጫነው ማነው?» ብሎ ጮኸ። እኔም ተናድጄ ተነሳሁና ወንበር ስር ማየት ጀመርኩ። ከጎኔ ያለችው ሴት አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ፣ «ወንድሜ፣ በአላህ ቁጭ በል፤ ስትነሳ ይብሳል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እስከ አዋሽ አልተነቃነቅኩም። እፍረቱ አቃጠለኝ፤ መመለስም አማረኝ።

ሆቴሉ ስደርስ የልጅቷ አባት እጄን ጨብጠው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። «ልጄ፣ ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» አሉ። የሥራዬን ነገር እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው።

«ለአንተ አይሸትህም?»

«አይሸተኝም፣ አባባ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸውን ጠሩና፣ «አንቺ፣ ይህን ታውቂ ነበር?» አሏት።

«ሰመራ ስማር ጀምሮ።»

ክው አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ስትቀመጥ፣ ሙቀት ፈርታ ነው ስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

«ታዲያ እንዴት ቻልሽው?» አሏት አባቷ።

«ታጥቦ የሚለቅ ነገር ነው፣ አባ። እኔ የምፈራው ታጥቦ የማይለቀውን ነው።»

ሰውየው ጢማቸውን እየዳበሱ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«በይ እንግዲህ» አሏት በመጨረሻ፣ «ለባልሽ ውሃና ሳሙና አቅርቢለት። ሱሪው እስኪደርቅ የእኔን ሽርጥ ስጪው።»