ከውጭ የተቆለፈብኝ በር

ሰው ባሌን «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው» ብሎ ባመሰገነልኝ ቁጥር የዛሬ ሁለት ዓመት በሰኔ የገጠመኝ ትዝ ይለኛል።

ደረጀ የሠራተኞች ሰርቪስ ሹፌር ነው። ጋዙን ሳይዘጋ አይተኛም፤ ዘግቶም ተመልሶ ያየዋል። እኔም የወደድኩት በዚሁ ጠባዩ ነው። ለቡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስንገባ በእንጨቱ በር ላይ የብረት በር አስደረበ። ሳረግዝ ደግሞ ባሰበት። ማለዳ ሲወጣ እንቅልፍ ላይ ስለምሆን፣ «ሰው እንዳይገባብሽ» እያለ የብረቱን በር ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፎብኝ ይሄዳል። ሠራተኞቹን አድርሶ ሲመለስ ይከፍትልኛል። አንዱን ቁልፍ ተውልኝ ስለው «ቤት ከተቀመጠ ሌባ ያገኘዋል» ይለኛል።

ያን ቀን ጠዋት ምጥ ቀሰቀሰኝ። ቀኔ ገና ነበር። ደረጀ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። መሪ ይዞ ስልክ አያነሳማ። ደጋግሜ እየደወልኩ ሳለ የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።

መጀመሪያ አለቀስኩ። ልጄን በተቆለፈ ቤት ውስጥ ብቻዬን ላጣው ነው ብዬ በጣም ፈራሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ጠቀመኝ። እዚህስ አልወልድም አልኩ። ግድግዳ እየያዝኩ ሄጄ የእንጨቱን በር ከፈትኩና ብረቱን በመጥበሻ እደበድብ ጀመር።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ ወጡ።

«ክፈቺው እንጂ ልጄ።»

«ቁልፉ ደረጀ ጋ ነው።»

«ሌላ የላችሁም?»

«እሱም ደረጀ ጋ ነው።»

ጊዜ አላጠፉም፤ ከብሎኩ ሥር በርና መስኮት የሚበይደውን ሙሉጌታን ይዘውት መጡ። በሩን የሠራው ራሱ ነው። «ማንም እንዳይቆርጠው አድርገህ ሥራ ብሎኝ ነበር» አለና መቁረጫውን እትዬ አስካለ ቤት ሰክቶ ጓጉንቸሩን ተያያዘው። እኔ ሶፋውን ጨብጬ «ቶሎ በል» እለዋለሁ፤ እሳቸው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። በመጨረሻ ተቆረጠ።

ደግፈው አወረዱኝና በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። ብዙም ሳልቆይ ሴት ልጅ ወለድኩ። እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አዋላጇ «ቤት ብትወልጂ ኖሮ ልጅቷን አናገኛትም ነበር» አለችኝ።

ደረጀ ያመለጡትን ጥሪዎች አይቶ ሲደውል እትዬ አስካለ ነግረውት እያለከለከ ደረሰ። ሁለቱንም ቁልፎች በእጁ ይዟል። ልጅቷን አይቶ ማልቀስ ጀመረ።

«ለእናንተው ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ያለሁበት ቤት ከውጭ አይቆለፍም።»

ቢከራከርም የምሰማው አልነበርኩም።

ልጃችን አሁን መሮጥ ጀምራለች። በቀደም «በረንዳው ላይ ፍርግርግ ላስደርግ» ሲለኝ ደስ እያለኝ እሺ አልኩት። ጥንቃቄውን ዛሬም እወደዋለሁ። የበሩ ነገር ግን የእኔ ነው። ማለዳ ሲወጣ ይቀሰቅሰኛል፤ እንቅልፌ ሳይለቀኝ እነሳና ከውስጥ በገዛ እጄ እቀረቅረዋለሁ።