የንስሐ አባታችን ስልክ

የጤና መድን ምዝገባ ከደብተር ወደ ታብሌት በተዛወረ ሰሞን፣ ከላሊበላ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። ጣቴ ፈጣን ነው፤ አፌ ግን ከጣቴ ይብሳል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አባሉ ሊታከም ሲመጣ ከታዘዘለት ምርመራና መድኃኒት ዝርዝር ጋር በስልኩ ኮድ ይላክለታል፣ ኮዱን ይነግረኛል፣ አስገባለሁ። ያለዚያ መድኑ ወጪውን አይሸፍንም። አሠልጣኞቹ "በቃ፣ ማጭበርበር ቀረ!" ብለው አጨብጭበው ሄዱ።

ከገነተ ማርያም በኩል የሚመጡትን ገበሬዎች "ስልክ ቁጥር?" ስላቸው አንዱም አይቸገርም፤ በቃሉ ያወርደዋል። እኔም ደስ እያለኝ እሞላለሁ። ለካ ሁሉም የሚሰጡኝ የአንድ ሰው ቁጥር ኖሯል፤ የንስሐ አባታቸው! የእኛም ቤት የንስሐ አባት ናቸው። አንዷን ሴትዮ "ምነው የራስሽን ብትሰጪኝ?" ብላት "የኔን ገመና ከሳቸው በላይ ማን ይይዝልኛል?" ብላ ገላመጠችኝ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ቅዳሴ ከሆነ ስልካቸው ዝግ ነው። ስልካቸው ዝግ ከሆነ በሽተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተኮልኩሎ ቅዳሴ እስኪወጣ ይጠብቃል። ሐኪሙ ይነጫነጫል፣ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። አንድ ቀን ካህኑ ራሳቸው መስኮቴ ላይ መጥተው ቆሙ።

"ልጄ፣ ኃጢአታቸውንስ እሺ ልስማ፤ የሽንት ምርመራቸውን ምን ላድርገው?"

"ይፍቱኝ አባቴ፣ በሳቅ ልሞት ነው" አልኳቸው። እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ። ቆይተውማ ለመዱት፤ መስቀል እያሳለሙ "ኪኒንሽን ጨረስሽ?" ማለት ጀመሩ።

ኋላ ከወረዳ ትእዛዝ መጣ፦ የቤተሰብ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ይሰረዝ፣ እስከ ዓርብ ያልቀየረ ኮድ አይደርሰውም። ሰዉ እያጉረመረመ የልጁን፣ የወንድሙን ቁጥር አስመዘገበ። የቀረችው የገዛ እናቴ ናት። ዓርብ ከሰዓት እየተጎተተች መጣች።

"የኔን ልጻፍልሽ" አልኳት።

"ያንቺን? ሞቼ ነው! ላንቺ የተነገረ ሳይመሽ ፍላቂት ከተማ ይደርሳል።"

ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ። ቆሽቴ አረረ። "እንግዲያው ሕክምናውም ይቅርብሻ!" ብዬ ጮኽኩባት።

ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። "አይቀርም። ለረቡዕ ወልድያ ሪፈር ተጽፎልኛል" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"የምን ሪፈር?"

"ጡቴ ላይ እባጭ አለ። አንቺ ደሴ ለሥልጠና በሄድሽ ጊዜ ነው የታየሁት።"

ሳቄ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። "የንስሐ አባታችን ያውቃሉ፣ እኔ ልጅሽ አላውቅም?"

"እንዲህ እንዳትሆኚብኝ ነዋ" አለች። "እየሳቅሽ ቤት ስትገቢ ደስ ይለኛል። እሱንም ልጣ?"

ቁጥሬን መጻፍ ጀመርኩ። ያ ፈጣን ጣቴ ደጋግሞ ተሳሳተ።

"ረቡዕ አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኳት።

"ሂጂ። እሳቸውም ይመጣሉ።"

"እኔ እያለሁ እሳቸው ምን ያደርጋሉ?"

"አንቺ ስታለቅሺ እኔን ማን ደግፎ ያስገባኛል?" አለችኝ።