የመምህር ኢስሐቅ ሊሾ

ንፋስ መውጫ ላይ የታሪክ መምህሩን ኢስሐቅ ጁሃርን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የሚታወቀውም በአሜሪካ ነው። ሄዶ እንዳይመስላችሁ! ሰውዬው ከባሕር ዳር አልፎ አያውቅም። ጣናን አይቷል፣ ከዚያ የሰፋ ውኃ አላየም። ነገር ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቶ የኮሎምበስን መርከቦች ሲያስነሳ፣ ከኋላ ወንበር ተደፍቶ የሚያንቀላፋው ልጅ እንኳ ቀና ይላል።

ሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ባሕር ይስላል። «ይሄ በጋሸና በኩል ነው። የመጡት በዚህ ነው፣ ከምሥራቅ።» ከዚያ ፈንጠር ብሎ ከላይ እስከ ታች ተራራ ይደረድራል። «ይሄ አፓላቺያን ነው፤ እናንተ ጉና በሉት። ከጉና ወዲያ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ ጣና፤ ሁሉም ጋ ሰው አለ። ባዶ አገር አልነበረም። ባዶ ነበር ብሎ የጻፈልኝን ዜሮ ነው የምሰጠው።» ይልና የነባሮቹን ሕዝቦች ስም በሰሌዳው ላይ ይበትናል፤ ዋምፓኖግ፣ ሾኒ፣ ቼሮኪ፣ ላኮታ። ትረካው ወደ ምዕራብ በገፋ ቁጥር ስማቸውን አንድ በአንድ በመዳፉ ያብሳል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ የሚቀረው ነጭ ጭጋግ ነው፤ የሱም እጅ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ እጅ ይመስላል።

«መጤዎቹን ግን ሰይጣን አድርጋችሁ እንዳትጽፉብኝ» ይል ነበር። «ስንቱ ባገሩ መሬት ያጣ፣ ስንቱ በሃይማኖቱ የተገፋ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ግማሾቹ በብርድና በረሃብ አለቁ። የተረፉትን በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያሳዩዋቸው ነባሮቹ ናቸው። አብረው በልተዋል እኮ! ጠቡ የመጣው ከመሬቱ ነው። ከነባሮቹ ብዙው ሰው መሬት የሚዋዋሱት እንጂ አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር ነገር ነው ብሎ አያስብም። አብረን እናድንበት፣ አብረን እንዝራበት የተባለ መስሎት ወረቀቱ ላይ ምልክቱን አኖረ። ነጩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በማግሥቱ አጥር አጠረ።»

የእንግሊዝ ንጉሥ ከተራራው ወዲያ ማንም እንዳይሻገር ብሎ እንዳወጀ ይነግራቸዋል፤ ተሻገሩ። ቼሮኪዎች የራሳቸው ፊደል፣ የራሳቸው ጋዜጣ እንደነበራቸው፣ ፍርድ ቤት ቆመው እንደረቱ ይነግራቸዋል፤ ወታደር መጥቶ ከነልጆቻቸው በብርድ እየነዳ ወደ ምዕራብ ወሰዳቸው። በመንገድ የቀረው በሺህ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል፤ ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ያን ቀን አይረብሹም። እንዲህ ያለ አስተማሪ ነበር።

እሱ ራሱ ግን አንዲት ጋት መሬት አልነበረውም። በድሮው ሥርዓት ሙስሊም ርስት አይገባውምና አያቱ በሰው ግቢ ተጠግተው ሸማ ሲሸጡ ኖሩ። አባቱ ሐጂ ጁሃር ጨውና ጨርቅ እየነገዱ በቀበሌ ቤት አረፉ። ኢስሐቅ ደግሞ ሚስቱን ከሪማንና ሴት ልጁን ሲሀምን ይዞ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲዞር ፀጉሩ ሸበተ። አከራይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውኃ አታብዙ፣ እንግዳ አታብዙ። ሲሀም ዘጠነኛ ክፍል አንደኛ የወጣችበትን ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ ልትሰቅል ሚስማር ስትመታ አከራይዋ ከጓሮ እየጮኹ መጡ፤ ልጅቷ ሚስማሩን ነቅላ ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነችው። ከሪማ ያን ቀን «ሚስማር የምመታበት ግድግዳ ሳላገኝ አልሙት እንጂ!» ብላ አለቀሰች።

እንግዲህ የመምህራኑ የቤት ማኅበር ዕጣ የወጣ ዕለት የሆነችውን አትጠይቁኝ። እልልታዋ ሦስት ቤት አልፎ ተሰማ። ኢስሐቅም ጫማውን ሳይቀይር ቦታውን ሊያይ በባጃጅ ከነፈ፤ ወደ ደብረ ታቦር መውጫ፣ ከተማው ወደ ምዕራብ በሚሰፋበት። ችካሉ በገብስ ቃርሚያ መሐል ተተክሏል። ማሳው ዳር ጉብ ያለ ጥቁር ድንጋይ አየና እግሩ ተያዘ። ድንጋዩን ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ እዚያ ላይ ተቀምጦ እሸት በልቷል። የአያ ጓዴ ማሳ ነው።

አያ ጓዴ የአባቱ ደንበኛ ነበሩ፣ የገብስ ገበሬ። ገበያ በዋለ ቁጥር አህያቸውን የሚያስሩት በሐጂ ጁሃር ደጅ ነው። ፋሲካ ሲሆን ዶሮውን ከነሕይወቱ ያመጣሉ፤ አርደው ቢያመጡት እስላሙ ቤት አይበላማ። ሐጂም ለኢድ እንደዚያው በግ ይሰዱላቸዋል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከዚያው ማሳ የገብስ እሸት በነዶ ይመጣል። ሐጂ ከሞቱ በኋላም ሽማግሌው አላቋረጡም፤ ኢስሐቅ ቤት በቀየረ ቁጥር እየጠየቁ፣ አዲሱን አከራይ ሰላም እያሉ፣ እሸታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዕጣው የቦታውን ቁጥር ነገረው እንጂ የሰውየውን ስም አልነገረውም።

«ብትተወው እኮ ሌላ ይወስደዋል» አለው ሥዩም የሚባል የሒሳብ መምህር። «ለሽማግሌው ምን ይለወጥላቸዋል?» ልክ ነው! የሚያናድደውም ልክ መሆኑ ነው። ኢስሐቅ ሌት ተቀን አሰበና ምንም ሳይወስን ቀረ፤ አለመወሰኑም መውሰድ ነበር።

በሳምንቱ ገበያ አያ ጓዴ መጡ። አህያቸውን አስረው፣ ነጠላቸውን አራግፈው ገቡ። ፊታቸው በርቷል። «እሰይ! እንኳን ላንተ ደረሰ! የማላውቀው ሰው ይሰፍርበታል ብዬ ስፈራ ነበር። ጁሃር ቢኖር ምንኛ ደስ ባለው!» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉና ድምፃቸውን ቀነሱ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄ ሞላ ይስቅብኛል። ተሸውደሃል፣ መሬቱ ሄዷል ይለኛል። እኔ ደግሞ እንዲህ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ስብሰባው ላይ የአሥራ አምስት ዓመት ምርት አስበን ነው ካሳውን የምንሰጣችሁ ብለውናል። ድሮ ለድንች ነጋዴው በኮንትራት ስሰጥ የሦስት ዓመቱን ከፈለኝ፣ በአራተኛው ለቀቀልኝ። ይሄም ያው ነው። በአሥራ ስድስተኛው ይመለሳል። አይደል? ለዘለዓለም ቢሆንማ ለምን ዓመት ይቆጥራሉ?»

ከሪማ በሩ ሥር ምስር ትለቅም ነበር፤ እጇ ቆመ።

«አንተ የተማርህ ነህ» አሉ ሽማግሌው። «ካባትህም አፍ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ንገረኝና ይሄን ልጅ አፉን ላስዘጋው።»

ይህን ነገር እኮ በየዓመቱ ያስተምረዋል! ሰውየው ምን እንደተሳሳቱ ከራሳቸው ይልቅ እሱ ያውቃል። ካሳው ኪራይ አይደለም፣ የቁርጥ ነው፣ አይመለስም። ሦስት ቃል ነው። ከሪማን አያት። ግድግዳው ላይ በሳሙና የተደፈነችውን ቀዳዳ አያት።

«እንዳሉት ነው፣ አያ ጓዴ» አለ።

አይ ኢስሐቅ! አይ ኢስሐቅ!

ሽማግሌው መረቁት። ሲወጡም ከደጅ ተመልሰው መከሩት፦ «ቤቱን ጥቁሩ ድንጋይ ጋ አድርገው፣ እዚያ አፈሩ ጭንጫ ነው። መሐሉን ለግቢ ተወው። ሲመለስ ለማረስ እንዲመቸኝ።» እሺ አለ። ለካ ሞላ የካሳውን ገንዘብ ይዞ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወርዶ ወፍጮ ሊተክል አስቦ ኖሯል። አያ ጓዴ ያን ቀን ማታ «መሬታችን እስኪመለስ እህል እየገዛን እንበላበታለን፤ ኢስሐቅ አረጋግጦልኛል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ሞላም የኢስሐቅን ስም ሲሰማ አፈረና ወፍጮውን ተወው። ኢስሐቅ ይህን የሰማው ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነው።

ያን ዓመት አሜሪካ ደረሰች። ማስተማር የማይቀር ነውና አስተማረ፤ ባሕሩን ሳለ፣ ተራራውን ደረደረ። የሞላ ልጅ መሰረት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ስለ ወረቀቱና ስለ ምልክቱ ሲናገር እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰዎቹ ማንበብ ካልቻሉ፣ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም?»

ልጅቷ ምንም አላሰበችም፤ ለማወቅ ነው የጠየቀችው። ኢስሐቅ ጠመኔውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ነበረ» አለ። «አስተርጓሚ ነበረ። የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሁለቱም የሚያምኑት።»

«ታዲያ ለምን አልነገራቸውም?»

«እሱም መሬት ይፈልግ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ ማስተማር አልቻለም፤ ደወሉ ሳይደወል ስሞቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ አብሶ ወጣ። ያን ቀን በቀጥታ አያ ጓዴ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ነበር። መንገድ ላይ አናጢው ደወለለትና ቆርቆሮ መጥቷል አለው፤ ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

ቤቱ አለቀ። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ነው የሠራው፣ ቢያንስ ያን ቃሉን ጠብቋል። ከሪማ የመጀመሪያውን ሚስማር ራሷ መታች። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ሰፊ፣ ልሙጥ፤ በኋላ አቅም ሲገኝ ሴራሚክ ሊነጠፍበት ታስቧል። አያ ጓዴ ሊመርቁ መጡ። እሸት የለም፤ ከየት ይምጣ? ባዶ እጃቸውን መግባት አፍረው ከገበያ ሎሚ ገዝተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡ። ጫማቸውን አወለቁና ባዶ እግራቸውን ሊሾው ላይ ወዲያና ወዲህ አሉ። በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ግሩም ነው!» አሉ። «የእበት ልቅላቂ አያሻው፣ ጠጠር አይገባበት። አንተ ስትለቅ ግድግዳውን ነቅለህ ትወስዳለህ፣ ይሄ ግን ይቀርልኛል፤ አውድማ ይሆናል። ገብሱን እወቃበታለሁ። እኔ ባልደርስ ሞላ ይደርሳል።» ከሪማ ሎሚውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «ሲሀም ሴራሚክ ይገባበታል ስትል ሰማሁ። እንዳታስገባበት ልጄ፤ በሬ ያንሸራትታል።»

«እሺ» አለ ኢስሐቅ። ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ደጅ ቆሞ የቀረውን ቃርሚያ ሲያይ አመሸ፤ በዙሪያው የሌሎቹ መምህራን ግድግዳ እየቆመ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አያ ጓዴ በክረምቱ መሐል አረፉ። ሳንባቸው ነው አሉ። ኢስሐቅ በጭቃው መሐል ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሸኝቶ፣ ድንኳን ውስጥ ከሞላ አጠገብ ተቀመጠ። ሞላ ከስቷል። የካሳው ገንዘብ እህል እየተገዛበት አልቋል፤ ወፍጮው ቀርቷል፤ ሰው ቤት በቀን ሥራ እየዋለ ነው። ኢስሐቅን ሲያይ ግን እጁን ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

«የመጨረሻ ቃሉ ስላንተ ነበር» አለው። «ዓመቱን ቁጠር፣ ሲሞላ ወደ ኢስሐቅ ሂድ፣ እሱ አያስቸግርህም አለኝ። መጀመሪያ እኔ አላምን ብዬ አስቀይሜዋለሁ። አሁን አንተ ስላልህ አምናለሁ።»

ኢስሐቅ አፉን ከፈተ። ለቀስተኛው አለ፣ መሰረት ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ቆማ ታየዋለች። አሁን ይነገራል? ሬሳው ሳይበርድ? አሁን ካልተነገረስ መቼ? «አላህ ያጽናህ» አለ።

ቤት ሲገባ ከሪማ ውኃ አሞቀችለት፣ እግሩን ታጠበ። ለዓረፋ ዘመድ ከአርብ ገበያ ከተማ ሊመጣ ነውና ቤቱን ታዘጋጃለች።

«ይህን ወለል እስከ መቼ እንዲሁ እናቆየዋለን?» አለችው ቀስ ብላ። «ቆጥቤያለሁ። አያ ጓዴም ነፍሳቸውን ይማርና አረፉ። ሴራሚኩን አሁን እናስገባው።»

ኢስሐቅ እርጥብ እግሩን ሊሾው ላይ አሳረፈ።

«ተይው» አላት። «በሬ ያንሸራትታል።»