ለጋሽ ነገራ የመጣው ወንበር

ቦሰና ግትር ናት። እሷ የኬሚስትሪ፣ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነን፤ ቢሮዋ ከቢሮዬ አጠገብ ስለሆነ ደህና አድርጌ አውቃታለሁ። የሸጎሌ ከብት ነጋዴ ልጅ ስለሆነች ይሆናል፣ የያዘችውን አትለቅም። የኮሌጃችንን አሮጌ ኤን ኤም አር የሚባል ማሽን ሁሉም «ይጣል» ሲል እሷ ብቻ እምቢ አለች። ናሙና ማግኔቱ ውስጥ ሲገባ የሞለኪዩሉን አወቃቀር የሚያሳይ መሣሪያ ነው። «ማግኔቱ እኮ ጤነኛ ነው፤ የሞተው መቆጣጠሪያው ነው» ትላለች። የማግኔቱ ነፍስ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ እሱ ካለቀ አበቃ። እንደ ልብ አይገኝም። እሱን ለማስሞላት ያላስቸገረችው ሰው የለም። «አንቺ ሴትዮ፣ ይህን በርሜል ቅበሪውና ተገላገዪ!» ብያት አኩርፋኛለች።

ተማሪዎቿ ከአካባቢው የእጽዋት ማዕከል ባገኙት ቅጠል ላይ ይመራመራሉ። ናሙናው ውጭ አገር ይላካል፤ ውጤቱ ሲመጣ ልጆቹ ተመርቀው ሄደዋል። እሷም ራሷ የተመረቀችው ማሽኑን በሥዕል ብቻ አይታ ነው። «የእኔ ልጆች በእጃቸው ይሠሩበታል» ትል ነበር፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ዘንድሮ አዲስ መቆጣጠሪያ መጣ፣ ተገጠመ፣ ሠራ። ቦሰና ኮሪደሩ ላይ እልል አለች፣ እውነቴን ነው። ለማስጀመሪያው ዕለት ኬሚስትሪ ያስተማሯትን ጋሽ ነገራን ጠራች። ማግኔቱ የሚስበው ብረት እንዳይገባ በሩ ላይ ቆማ ሁላችንንም ፈተሸች፤ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ቀበቶ። ሰዓቴን ስታስወልቀኝ «ምነው፣ ኬላ ሆነ እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም።

ጋሽ ነገራ ዘግይተው ደረሱ። ደረጃው አድክሟቸው እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ቦሰና በሩን ትታ ደገፈቻቸው። እዚያ ክፍል ወንበር የለም፣ ሁላችንም ቆመናል። በደስታ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ማግኔቱንም ሁሉንም ረስታ፣ «ኧረ ምን ነካችሁ! ለአባታችን ወንበር አምጡላቸው እንጂ!» ብላ ጮኸች። ሊሚ የምትባል ተማሪዋ ከጎረቤት ክፍል ወንበር ይዛ እየሮጠች ገባች። የብረት ወንበር።

ከእጇ ተነጠቀ። ጓ! አለና ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። ወዲያው ነጭ እንፋሎት ወደ ጣሪያው ተንቦለቦለ፤ ሂሊየሙ ነው፣ ክፍሉን ከሞላ ያፍናል። ቦሰና «ውጡ! ውጡ!» እያለች ሁላችንንም ገፍታ አስወጣችን፤ እሷ ጋሽ ነገራን ደግፋ መጨረሻ ወጣች።

ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ማግኔቱ ግን ውስጡ ተሰብሯል፣ አይጠገንም ተባለ። አዲሱ መቆጣጠሪያ የሚያዘው ነገር የለውም። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እያሉ የሚያጽናኑ መጡ። ውሃ ቢሆንማ ምን ነበረ! ቦሰና ሊሚን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች፣ በቃ። አላለቀሰችም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

በሳምንቱ፣ ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ የሚያወጣውን የውጤት መስመር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳለች ስታስተምር፣ ጋሽ ነገራ ሊጠይቋት መጡ። ይዣቸው ገባሁ። ተማሪዎቹ «ኖር!» ብለው ተነሡ።

«በእግዜር፣ ልጆቼ» አሉ።

ወንበር ሊያመጣ የተንቀሳቀሰ ሰው ግን የለም። ሊሚ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ግድ የለም፣ እቆማለሁ። ያን ቀንም መቆም አያቅተኝም ነበር» አሉ።

ቦሰና ጠመኔውን አስቀመጠች። ከጥግ አግዳሚ ወንበር እየጎተተች አመጣችላቸው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች። «እንጨት ነው።»

ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ ተማሪዎቿ ፊት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።