ስሜን ሊፍቅልኝ የማለው ሰው

ባለቤቴ ዳቦ ቤት ልትከፍት ተነሣች። እዚሁ ደብረ ታቦር ያለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር ስለነበር፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሊሸጥላት ተስማሙ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ገዥ አላጣም» አላት። ገንዘቡን ከባንክ ልንበደር የቤታችንን ካርታ ይዘን ሄድን። ካርታው በሁለታችን ስም ነው። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

የባንኩ ሠራተኛ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና፣ ክፉ ውጤት እንዳየ ሐኪም ፊቱን ከኮምፒውተሩ ወደ እኔ መለሰ።

«ያልተከፈለ ብድር አለብዎት።»

«ከጎረቤት ጨው እንኳ ተበድሬ አላውቅም» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሚስቴ አጠገቤ ስለነበረች መልሼ ዘጋሁት።

የበጎቹ ዕዳ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ አነስተኛ አበዳሪ ተቋም ተበድሬ በግ ላደልብ ዐሥራ ሁለት በግ ገዝቼ ነበር። የጉና ብርድ ያልደፈራቸው በጎች እኔ ቤት ሲገቡ ተራ በተራ አለቁ። የመጨረሻው ገና ደጃፌን ሲያይ ነው የሞተው ብል ማንም አያምነኝም፤ እውነቱ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅ። ዘጠኝ ሺህ ብር ሲቀረኝ እኔ ዕዳውን ረሳሁት፣ ተቋሙም እኔን የረሳኝ መሰለኝ። ለካ ስሜን ባንኮች ሁሉ ወደሚያዩት የብድር መዝገብ አስተላልፎ፣ ዕዳዬን ደግሞ ያረጁ ብድሮችን በኮሚሽን ለሚያስመልስ ሰው ሰጥቶት ኖሯል።

ለአስመላሹ ደወልሁ። ድምፁ ማር ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን አስጨነቀዎት? ገንዘቡን በእኔ ስልክ ይላኩልኝ፤ ስምዎን ከመዝገቡ ድራሹን አጠፋዋለሁ። ከተወለዱ ጀምሮ ተበድረው የማያውቁ ሰው ይሆናሉ!»

«ወረቀት ትሰጠኛለህ?»

«ወረቀቱ ይደርሳል። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ሚካኤልን!»

ሌላ አገር ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኛ ዘንድ ግን በዕለተ ሚካኤል በሚካኤል የማለን ሰው ወረቀት አምጣ ማለት፣ መልአኩን መታወቂያ አሳየኝ እንደ ማለት ነው። ሦስት ሺህ ብር ላክሁለት። ቀሪውን ስሜ ሲጠፋ አልሁት። በብልጠቴ እየኮራሁ ለሚስቴ ነገርኋት።

«ለተቋሙ ነው የላክኸው ወይስ ለሰውየው?»

«ለሰውየው። ሚካኤልን ብሎ ምሎልኛል እኮ!»

«አንተ ሰው፣ ሚካኤል የባንክ ደብተር አለው እንዴ?»

ሳምንት አለፈ። ባንክ ሄጄ ባስጠይቅ ስሜ እንደ ጉና ተራራ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አስመላሹ ጋ ስደውል «ሲስተም የለም» ይለኛል። በማግሥቱም ሲስተም የለም። ከመደወል ብዛት ስልኬ ራሷ ቁጥሩን ለምዳ፣ ሳልነካት ልትደውልለት ምንም አልቀራት። በመጨረሻ «ስድስቱ ሺህ ካልተሟላ መዝገቡ አይነካም፤ ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ ስለምመጣ እዚያው በእጅ ይስጡኝ» አለኝ።

ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሰው ይማራል ይባላል፤ እኔ አልተማርሁም። በስልክ መማል ቀላል ነው፣ መስቀል ጨብጦ ሲሆን ግን መዋሸት ይከብደዋል አልሁና የነፍስ አባቴን ለምኜ ሚኒባስ ላይ ወጣን። ውስጡ ሰባ ሰው ነበር፤ ድንቹን ሳልቆጥር። ሐሙሲት ስንደርስ የአባ ጥምጥም ከተቀመጡበት ጆንያ ባላነሰ ተጨማዷል።

አስመላሹ አንድ ሻይ ቤት ጠበቀን። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ቀጠን ያለ ልጅ ነው። የአባን መስቀል ሦስት ጊዜ ተሳለመ።

«በል ማል!» አልሁት።

«እምላለሁ ጋሼ! አባ ይስሙኝ፤ ስማቸውን ባላጠፋ…»

«ቆይ ልጄ፣ አትማል» አሉ አባ፣ መስቀሉን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ገንዘቡ የማን ነው?»

«የተቋሙ ነው፣ አባ።»

«ታዲያ ለዚህ ልጅ ምን ብለህ ትሰጠዋለህ?»

«እርስዎ ፊት ከማለ ብዬ ነዋ።»

«ስማኝ። ምሎ ቢከዳህ ቀኖና እሰጠዋለሁ፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል። ያንተን ስም ግን ከኮምፒውተር አላወርደውም። እኛ እንኳ ዐምስት ብር ስንቀበል ደረሰኝ እንቆርጣለን።»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በራሴ ገንዘብ አሳፍሬ ያመጣኋቸው ምስክር በእኔው ላይ መሰከሩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ልጁን ያዙት።

«ስንት እንደሚከፈል፣ በየትኛው የተቋሙ ሒሳብ እንደሚገባ፣ ከተከፈለ በኋላ ለመዝገቡ ማን እንደሚያሳውቅ የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘሃል?»

«ደብዳቤው ከክፍያው በኋላ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ክፍያው ከደብዳቤው በኋላ ነው» ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ።

ልጁ ስልኬ ጠራ ብሎ ወጣ። ስልኩ ሲጠራ የሰማ የለም። የሦስታችንንም ሻይ የከፈልሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ሚስቴ ራሷ ወደ ተቋሙ ጽሕፈት ቤት ጎትታ ወሰደችኝ። ኃላፊዋ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰማችና «ከመዝገብ የሚፋቅ ስም የለም፤ ሲከፍሉ ተከፍሎ ተዘግቷል ይባላል፣ በቃ» አለች። ድራሹን አጠፋዋለሁ ያለኝ ልጅ የሸጠልኝ ጭራሽ የሌለ ዕቃ ነበር!

«ሦስት ሺሁስ?»

«በግለሰብ ስልክ የገባ እኛ ጋ አይታይም። ዕዳዎ ዘጠኝ ሺህ ነው። ለሦስት ሺሁ አቤቱታ ይጻፉ።»

ጮኽሁ። ጣሪያው ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ሚስቴ እጄን ቆንጠጥ አድርጋ አስቀመጠችኝና ዱቄት መግዣ ያስቀመጠችውን ሦስት ሺህ ከቦርሳዋ አወጣች። ወዲያው ግን አልሰጠችም። መጀመሪያ ደብዳቤውን አስጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ስሜን እስከ አያቴ በጣቷ እየጠቆመች አመሳከረች፤ ማኅተሙ ደብዝዟል ብላ እንደገና አስመታች። ከዚያ ባንክ ሄደን በእኔ እጅ ከነበረው ስድስት ሺህ ጋር ዘጠኙንም ሺህ በተቋሙ ሒሳብ አስገባን። ደረሰኙን ይዛ ተመልሳ ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ተቀበለች። ሁሉንም ኮፒ አስደረገች፤ ያን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በእኛ ብቻ ሳይከብር አልቀረም።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የባንኩ ሠራተኛ መዝገቡን አየና «ተዘግቷል፤ ይበቃናል» አለ። ሚስቴ የብድር ፈቃዱን ደብዳቤ ለምድጃው ባለቤት አሳየችው፤ ጠበቃት። ምድጃው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ ስድስት ጎረምሳ አግዞ አስገባው።

ዱቄት ግን የለም። ባንኩ የምድጃውን እንጂ የዱቄቱን አላበደረንም። ምድጃው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ቀዝቅዞ ቆመ። እኔም አስመላሹ ጋ መደወሌን አልተውሁም፤ አሁን «ሲስተም የለም» የሚለኝ እንኳ የለም፣ ስልኩ ዝግ ነው። ጎረቤቶቻችን ዘንቢል እያንጠለጠሉ እየመጡ «ዳቦው መቼ ነው?» ይሏታል።

«የሱን ሦስት ሺህ እየጠበቅን ነው» ትላቸዋለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች።