ከቦረቦሩ ጭቃ የወጣው ጨርቅ

ይህ የሆነው ካቻምና፣ የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ሰፈራችን ድልድይ የሠራበት ጊዜ ነበር። ስለዚያ ድልድይ የሚያወራ ሁሉ የሚያወራው ስለ መተባበራችን ነው፤ እውነትም ተባብረናል። እኔ ግን ድልድዩ በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የምኖረው ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለ ሰፈር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ቦረቦሩ ዳር ነው። ጎርፍ ከተራራው እየወረደ ሰፈራችንን ለሁለት የከፈለው ጥልቅ ቦይ ነው ቦረቦር የምንለው። በበጋ ደረቅ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን እኛ ጋ ፀሐይ እያለ እንኳ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። መሻገሪያችን ጎን ለጎን የተጋደሙ የባሕር ዛፍ ግንዶች ነበሩ።

ምሕረት የምትባል ልጅ ከዚያ ግንድ ላይ ወደቀች። ከጉኑኖ መጥታ፣ ሰፈራችን ቤት ተከራይታ የምትማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት እንደገባ፣ ከፈተና ስትመለስ፣ በጠራራ ቀን፣ ቦረቦሩ ሞልቶ ሳለ ነው የወደቀችው። ሴቶች ጮኹ፤ ሰው ሁሉ በቦረቦሩ ዳር ቁልቁል ሮጠ። እስከ ሁምቦ መንገድ ድረስ ለቀናት ተፈለገች። አልተገኘችም።

ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ቁመቴ ገና ይጨምራል ብላ የቀሚሷን ጫፍ ሰፋ አድርጌ እንዳጥፍላት ለምናኝ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከዚህ ሌላ ስለ እሷ የማውቀው አልነበረም። ሰፈሩም ከዚህ የበለጠ አያውቃትም።

ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ አልተቻለም። ጋሽ ጴጥሮስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ከወዲህም ከወዲያም ያለውን ነዋሪ ሰበሰቡ። ማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ጠንተው ሲሚንቶና ብረት ተፈቀደልን፤ ጉልበቱ የእኛ ሆነ። ኮሚቴ ሲመረጥ እኔም ገባሁ። ሱቄ ሁሉም የሚያልፍበት ስለሆነ ነው መሰለኝ።

በጋው ሲጠና ሥራ እንጀምር ብለን ቦረቦሩ ዳር ወጣን። ጠቡ እዚያው ተነሣ። የላይኞቹ ድልድዩ በእኛ ቤተ ክርስቲያን በኩል ይሁን አሉ። የታችኞቹ በገበያው መንገድ ካልሆነ አንድ ድንጋይ አናነሣም አሉ። ነገሩ ወደ ነባርና መጤ፣ ወደ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ሄደ። ጋሽ ጴጥሮስ ቢለምኑም የሚሰማቸው ጠፋ።

በዚህ መሐል የዶማ ድምፅ ሰማን። ስናይ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ግንዶቹ ሥር ወርዶ ይቆፍራል። የቀን ሠራተኛ መሰለን።

«ማነህ አንተ? ማን አዘዘህ?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

ሰውየው ቀና አለ። «ልጄ እዚህ ነው የወደቀው» አለ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «እኔ አንጁሎ ነኝ። የምሕረት አባት።»

ስለ ቦታው ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። የላይኞቹም የታችኞቹም አንድ በአንድ ወደ ቦረቦሩ ወረዱ።

ጋሽ አንጁሎ ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን ሁሉ ከጉኑኖ ይመጡ ነበር። ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ሱቄ ገብተው፣ «እህቴ፣ ልጄ የለበሰው ጨርቅ ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ። ከዚያው ዩኒፎርም የተረፈ ቁራጭ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው የድልድይ መሠረት እየቆፈሩ አልነበረም። ልጃቸውን እየፈለጉ ነበር። ያወጡትን አፈር ሁሉ ሳይጥሉ በፊት በእጃቸው ይበትኑታል። ይህን ያየው ሰው ምንም ሳይባባል እሱም አፈሩን መበተን ጀመረ። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶች ተቀምጠን በጣታችን እናያለን። ወሬ የለም፣ ዘፈን የለም። አላፊ አግዳሚው የጠፋ ወርቅ የምንፈልግ ሳይመስለው አይቀርም።

እንዲህ እየሆነ ሥራው አልገፋ አለ። የዳሞታ አናት መጥቆር ጀመረ። መሠረቱ ሳይወጣ ጎርፍ ከመጣ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው፤ ልጆቻችንም ለሌላ ክረምት በግንድ ሊሻገሩ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ተሯሩጠው ከማዘጋጃ ቤቱ ስካቫተር ለአንድ ቀን አስፈቀዱ።

መኪናው ሲደርስ ሹፌሩ ሞተሩን እንዳስነሣ ቆመ። ሁላችንም ጋሽ አንጁሎን አየን። ያ የብረት ጥርስ ከገባ በጥንቃቄ ማየት የሚባል ነገር አይኖርም። ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ቦረቦሩ ወርደው አጠገባቸው ቆሙ።

«ወንድሜ፣ አይግባ ካልክ እመልሰዋለሁ» አሉ።

ጋሽ አንጁሎ ወደ ተራራው ተመለከቱ። «ልጆች አላችሁ» አሉ። «ይግባ።»

ዶማቸውን ይዘው ወጡ። ጋሽ ጴጥሮስ ወደ እኛ ዞሩ። «አፈሩ ሜዳው ላይ ይደፋ! አንድም አካፋ ሳናየው አይሄድም!»

የዚያን ቀን ሱቅ የከፈተ አልነበረም። ስካቫተሩ እያወጣ ይደፋል፤ እኛ ተራራ የሚያህለውን ጭቃ ዙሪያውን ከበን በእጃችን እንበትናለን። ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። እጇ ላይ የጭቃ ቋጠሮ የመሰለ ነገር ነበር። ጨርቅ ነው።

በጀሪካን ውኃ ታጠበ። ቀለሙ ጠፍቷል። ክሩ በስብሷል። ጋሽ አንጁሎ ከኪሳቸው ቁራጩን አውጥተው አጠገቡ ያዙት። ከዚያ ሁለቱንም ለእኔ ሰጡኝ።

«አንተ ነህ የሰፋኸው» አሉኝ። «እሱ ነው?»

ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። ስካቫተሩ እንኳ ቆሟል። ጨርቁን ገለበጥኩት። አንድ ጫፉ ላይ እጥፋት ነበረው፣ ሰፋ ያለ። ግን እጥፋት የሌለው ቀሚስ የት አለ? ይህን ጨርቅ ደግሞ የከተማው ተማሪ ግማሹ ይለብሰዋል። ቀና ስል ዐይናቸው ዐይኔ ላይ ነው።

«ይመስለኛል» አልኩ።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። እሳቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው። ጭቃው ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጨርቁን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ ጉኑኖ ሄደ። ጨርቁ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ነበር። ሙሾው፣ ደረቱን የሚመታው ሰው፣ ሁሉም ለሙሉ አስከሬን እንደሚሆነው ሆነ። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች በሰው መሐል ፈልጋ አገኘችኝና ሁለት እጄን ያዘች። በወላይትኛ የነገረችኝን አብራኝ የነበረች ሴት ብትተረጉምልኝም ሳትተረጉምልኝ ገብቶኝ ነበር። «ልጄን ቤቷ አስገባሽልኝ» ነው ያለችው።

ድልድዩ ጎርፉ ሳይመጣ አለቀ። በምረቃው ቀን ባለሥልጣናት መጡ፣ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ብዙ ተነገረ። ከሌላ ቀበሌ ልምድ ሊወስዱ የመጡም ነበሩ። ልጆቻችን ዛሬ በዝናብም በፀሐይም እየተሯሯጡ ይሻገራሉ። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር አሁን አንድ ዕድር ነው።

እኔን ግን ያ «ይመስለኛል» አልለቀቀኝም። ከቀብሩ ከተመለስኩ ጀምሮ እጥፋቱ በሕልሜ ይመጣል። ጣቴ እሱን ሊለየው ይሞክራል፣ አይለየውም። አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ጋሽ ጴጥሮስ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እርግጠኛ አልነበርኩም እኮ» አልኳቸው።

«ያን ቀን ፊትሽን አይቼ ነበር» አሉኝ። «ደግሜ ልጠይቅሽ እችል ነበር። አልጠየቅሁሽም።»



ወይዘሮ ዘነበች ሶዶ ገበያ በመጣች ቁጥር ሱቄ ጎራ ትላለች። አንዳንዴ ቦዬ የሚሉትን የሚቀቀል ሥር፣ አንዳንዴ አቮካዶ ትይዝልኛለች። እሷ በተሰባበረ አማርኛዋ እኔ በተሰባበረ ወላይትኛዬ እናወራለን። ከቀብሩ በፊት ሌሊት እየተነሣች ደጅ ደጁን ታይ እንደነበር ነግራኛለች። አሁን ተኝታ እንደምታድርም ነገረችኝ።

ስለዚህ አልነግራትም። ተሳስቼ እንደሆነም ላውቅ አልችልም። ትክክል ልሆንም እችላለሁ። ግን ዳሞታ ላይ ሲዘንብና ውኃው ከድልድዩ ሥር ሲያጓራ፣ ምሕረት እዚያ ታች የሆነ ቦታ ያለች ይመስለኛል፤ እኛ ግን ቀብረን ጨርሰናታል። እንዲህ ባለ ቀን የስፌት መኪናዬን አቁሜ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ቆሜ ውኃውን አያለሁ። ብትገኝ ደስ ይለኝ እንደሆነ ወይስ እፈራ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።