ሰባት መኖ የሚበላው ቀንዳም

በ1988 ዓ.ም. ነበር፤ ሠላሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ቀርቶኝ። ይህ ትዝ ያለኝ ባለፈው ሳምንት ደባርቅ ሰርግ ቤት ተቀምጬ ነው። ሰው ሁሉ የጥንት የሥራ ባልደረባዬን ደሴን ከቦ «እንዳንተ ያለ በቅሎ ነጂ አልነበረም» ሲለው ሰማሁ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ቅናቴ ግን አላረጀም።

ያን ጊዜ ሁለታችንም የፈረንጅ ዕቃ በበቅሎ ጭነን ወደ ስሜን ተራራ እንወስድ ነበር። ደሴ በሦስት ዓመት ያንሰኛል። ሲስቅ ፈረንጁ አብሮት ይስቃል። እኔ ከብት ዐውቃለሁ፤ ዳባት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው እኔን ሳያማክር አይገዛም ነበር። ግን ማን ያመስግነኝ?

አንድ ፈረንጅ ሲሄድ የአውሬ ሥዕል ያለበት የመጫወቻ ካርታ ትቶልን ሄደ። እኩል ተካፈልነው። አጨዋወቱን ያስተማረን አስጎብኚው ሙሉጌታ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር የአውሬው መኖ ነው፤ ከታች ያሉት ምቱና ጉልበቱ ናቸው። ለተጫዋቹ የሚሰጠው መኖ ከአንድ ተነሥቶ በየዙሩ አንድ አንድ ይጨምራል። ሰባት መኖ የሚበላ አውሬ እስከ ሰባተኛው ዙር እጅህ ላይ ተኝቶ ይውላል። ፊደል ብዙ አልቆጠርሁም፤ ቁጥር ግን አይጠፋኝም።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ቢጫ ሲሆን፣ ብዙ ፈረንጅ መጣ። ማን ከፊት ይምራ ብለን ተጣላን። ከፊት የመራ ስሙ ይያዝለታል፤ ለከርሞም እሱ ይጠራል። ሙሉጌታ ሲሰለቸው «በካርታው ተጫወቱና ያሸነፈ ይምራ» አለን።

ልንጀምር ስንል ደሴ አንዷን ካርታ አሳየኝ።

«አያ ንጉሤ፣ አንተ ከብት ታውቃለህ። እስቲ ይህችን እያት፤ ሸጋ ናት?»

ፍልፈል የመሰለች፣ ዓይነ ጠባብ፣ ፀጉሯ የቆመ። መኖዋ አንድ፣ ምቷ ሦስት። እንዲህ ያለች ከእጄ አልገባችም ነበር። ልቤ ዘለለ።

«ምነው ይህችን ታቅፋለህ? ቀንድ የላት፣ ሻኛ የላት! የኔን ቀንዳም ውሰድ። ደረቱን እየው፣ ኮቴውን እየው።»

«ሰባት መኖ ይበላል እኮ፣ አያ።»

«ደህና በሬ መች ጥቂት በልቶ ያውቃል?»

«እሱንስ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ሳቀና ተለዋወጠኝ።

በመጀመሪያው ዙር ፍልፈሏን ለቀቅኋት። አምስተኛው ዙር ላይ ደሴ አለቀለት። ቀንዳሙ እጁ ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

በማግስቱ ወደ ሳንቃበር ከፊት መራሁ። ሳቁ ግን ከኋላ ነበር። ማደሪያ ሰፈሩ ስንደርስ ዞሬ አየሁ፤ ደሴ ቀንዳሙን ባርኔጣው ላይ ሰክቶታል። ፈረንጁ ተሰልፎ ፎቶ ያነሳዋል። ደሴም ሙሉጌታን አስተርጓሚ አድርጎ፣ «ይህን የሰጠኝ አያ ንጉሤ ነው። ከብት የሚለይ እንደሱ የለም» ይላል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አጨበጨቡ። የደረቀ ቂጣዬን ወደ ከረጢቴ መለስሁት። ፍልፈሏ ኪሴ ውስጥ ናት፤ ማን ይያት?

እንዳታለልሁት ዐውቆ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬም አላወቀም። እኔ የፈለግሁት ካርታውን መስሎኝ ነበር እንጂ፣ የፈለግሁትስ የሱን ደስታ ኖሯል፤ ደስታ ደግሞ በልዋጭ አይገኝም። ይህን የምላችሁ ዛሬ ነው። ያኔ ግን አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ደሴ በቅሎ ሲጭን አጠገቡ ሄጄ ቆምሁና፣ «ቀንዳሙን መልስልኝ» አልሁት።